«ደላላ ልትሆኚ ነው እንዴ?»

አማቴ ይህን የጠየቁኝ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ በሚገኘው ቤታችን፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ወፍራም መጽሐፍ ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። እሳቸው የሚያውቁት ደላላ አዲስ አበባ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ቁልፍ እያንቀጫቀጨ፣ ከሻጭም ከገዢም የሚቀበለውን ነው።

«ደላላ ሳይሆን ፈቃድ ያለው የቤት ሽያጭ ወኪል ነው እማማ። ትምህርት አለው፣ ፈተናም አለው» አልኳቸው።

«እንግዲህ ደላላ ሲማር በአንቺ አየሁ» ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። ግን ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ለአሥራ አራት ዓመት በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። ጉልበቴ ደክሟል፣ ትልቋ ልጄም ኮሌጅ ልትገባ ነው። በ52 ዓመቴ ሌላ እንጀራ ካልፈለግሁ መቼ ልፈልግ ነው?

በካሊፎርኒያ ለዚህ ፈቃድ ለመፈተን ሦስት ኮርሶች መጨረስ ግድ ነው። አንደኛው የሪል እስቴት መሠረታዊ ትምህርት፣ ሁለተኛው የሥራው አሠራር ወይም «ፕራክቲስ» የሚባለው ሲሆን፣ ሦስተኛውን ከዝርዝር መርጠው ይወስዳሉ። እያንዳንዱ 45 ሰዓት ነው፤ በድምሩ 135 ሰዓት። በ2022 እ.ኤ.አ. ሁለቱን ጨረስኩ። ከዚያ አባቴ ታመሙና አገር ቤት ሄድኩ። እሳቸውን ቀብሬ ስመለስ መጽሐፎቹን ካርቶን ውስጥ ከተትኳቸው።

በ2024 መጀመሪያ ላይ ካርቶኑን ከፈትኩት። ለተማርኩበት ትምህርት ቤት ደወልኩ፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ስልኩን ያነሳው ሰው «አንድ ኮርስ ብቻ ነው የቀረሽ» አለኝ። አመንኩት። ኮርሱን ጨርሼ ማመልከቻዬን ላክሁ። ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ «የፕራክቲስ ኮርስዎ አያሟላም» ይላል።

ለካ ሕጉ ተለውጧል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለፈተና የሚያመለክት ሰው የወሰደው የፕራክቲስ ኮርስ ሁለት አዲስ ነገሮች ሊኖሩት ይገባል። አንደኛው ስለ ፌር ሃውሲንግ፣ ማለትም በቤት ሽያጭና ኪራይ ሰውን ከሰው እንዳናበላልጥ ስለሚከለክሉት የፌደራልና የክፍለ ግዛት ሕጎች ነው። ሁለተኛው ሳናውቀው በውስጣችን ስለያዝነው አድልዎ ነው። የመጀመሪያውን አንብቦ ማለፍ ብቻ አይበቃም፤ ተማሪው አንዴ እንደ ወኪል፣ አንዴ እንደ ደንበኛ ሆኖ መለማመድ አለበት። የእኔ የ2022 ኮርስ ይህ አልነበረውም። ስለዚህ 45ቱን ሰዓት እንደገና!

ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። «ተውኩት» ብዬ ቤት ስገባ ልጄ ደብዳቤውን አነበበችው። «እማዬ፣ እኔ ሒሳብ ስወድቅ ምን ነበር ያልሽኝ?» አለችኝ። ያልኳትን ሁለታችንም እናውቀዋለን። መልስ አልነበረኝም፤ ተመዘገብኩ።

እውነቱን ልናገር፤ ኮርሱን የጀመርኩት አኩርፌ ነበር። «እኔ ጥቁር ስደተኛ ሴት ነኝ፤ ስለ አድልዎ እኔን ማን ያስተምረኛል?» እያልኩ። ልምምዱ በቪዲዮ ነበር። የመጀመሪያው ዕጣ እኔን ወኪል አደረገኝ። ደንበኛ የሆነችው ሴት በተሰጣት ወረቀት መሠረት «እኔን የመሰሉ ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር አሳዪኝ» አለችኝ። እኔም ወዲያው የሰፈር ስም መደርደር ጀመርኩ። ይኼኛው ጥሩ ነው፣ ያኛው አይመችሽም።

አስተማሪዋ አስቆመችኝ። «አሁን ያደረግሽው በሕግ የተከለከለ ነው» አለች።

«ራሷ ጠየቀችኝ እኮ!»

«ብትጠይቅሽም።»

ስቲሪንግ ይሉታል፤ የመኪና መሪ እንደመዘወር ማለት ነው። ወኪሉ ሰውን በዘሩ፣ በመጣበት አገር፣ በሃይማኖቱ ወይም ልጆች ስላሉት ወደ አንድ ሰፈር ሲገፋው ወይም ከሌላው ሲያርቀው፣ በደግነት ቢያደርገውም ጥፋት ነው። ወኪሉ መጠየቅ ያለበት ስንት መኝታ ቤት እንደሚፈልጉ፣ በጀታቸው ስንት እንደሆነ፣ የሥራ ቦታቸው የት እንደሆነ ነው። ሰፈሩን ደንበኛው ራሱ ዞሮ አይቶ ይምረጥ።

እዚህ ላይ እኛ ሐበሾች የምናውቀው ነገር አለ። አዲስ ሰው ሲመጣ «የኛ ሰው እዚያ ነው ያለው፣ እዚያ ግባ» እንላለን። እንደ ዘመድ ብንለው ፍቅር ነው። ፈቃድ ይዘን ስንለው ግን ሌላ ነው።

ቀጥሎ ተለዋወጥን፤ ደንበኛዋ እኔ ሆንኩ። ወኪል የሆነው ወጣት በትህትና «እንደ እናንተ ላለ ቤተሰብ በዚህ በኩል ቢሆን ይመቻችኋል» አለኝ። ልምምድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሆዴ ተላወሰ። ከዓመታት በፊት ባለቤቴና እኔ ቤት ስንፈልግ አንድ ሰው ይህንኑ ቃል በቃል ብሎናል። ከአውራ ጎዳናው ወዲህ ያለውን ብቻ አሳየን፤ ወዲያ ማዶ ያለውን አንድም ቀን አላሳየንም። ደግ ሰው መስሎን አመስግነነው ነበር።

የዚያን ሌሊት የታሪኩን ምዕራፍ ሳላቋርጥ አነበብኩ። በዚህ አገር ቤት ሲሸጥ «ለጥቁር አይሸጥም» የሚል ውል በሰነድ ላይ ይጻፍ ነበር። ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል እንዳያስፈጽሙ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የከለከለው በ1948 ነው። ካሊፎርኒያ በ1963 በቤት ሽያጭና ኪራይ አድልዎን የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ በ1964 መራጩ ሕዝብ በድምፁ ሻረው። ሽረቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 ውድቅ አደረገው። የፌደራሉ የፌር ሃውሲንግ ሕግ የመጣው ደግሞ በ1968 ነው። እኛ ከመምጣታችን በፊት ሰዎች ታግለው የከፈቱልንን በር ነው ያነበብኩት። ኩርፊያዬ በረደ።

ቀጥሎ ፈተናው መጣ። 150 ጥያቄ፣ ሦስት ሰዓት። ለማለፍ 70 በመቶ፣ ማለትም 105 ጥያቄ በትክክል መመለስ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ወደቅሁ። ለልጆቼ እራት ላይ ነገርኳቸው፤ መደበቅ አልፈለግሁም።

ያዳኑኝ አማቴ ናቸው። እንግሊዝኛው ጆሮዬ ላይ ይንጫጫ እንጂ ሐሳቡ ልቤ ውስጥ አይገባም ነበር። ስለዚህ በየማታው እያንዳንዱን ቃል በአማርኛ ለእሳቸው ማስረዳት ጀመርኩ። «ኢዝመንት ማለት በሰው መሬት ላይ የማለፍ መብት ነው» ስላቸው «ይኼማ የመተላለፊያ መንገድ ነው! በአገራችን ስንቱ ተካሶበታል» አሉ። ሊየን የሚባለውን «ዕዳ የተያዘበት ቤት» ብለው በአንድ አፍታ ያዙት። ገዢና ሻጭ እስኪጨርሱ ገንዘቡንና ሰነዱን ሦስተኛ ወገን የሚይዝበትን ኤስክሮው ስነግራቸው «አደራ ተቀባይ በይዋ» አሉኝ።

ወኪል ለደንበኛው ያለበትን የታማኝነት ግዴታ የሚገልጸውን ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ሳስረዳቸው ግን ዝም አሉ። ቆይተው «እሱም አደራ ነው። ደላላና አንቺ የምትለያዩት በዚህ ነው ማለት ነው?» አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያጣሁትን መልስ እሳቸው ሰጡኝ።

በሁለተኛው አለፍኩ። ላለፈ ሰው ውጤቱን በቁጥር አይነግሩትም፤ «አልፈሃል» ብቻ ነው የሚሉት። ለእኔ በቂ ነበር።

ይህን መንገድ ለምታስቡ፣ ወይም ልጆቻችሁ ለሚያስቡ፣ የተማርኩትን ላካፍል። አንደኛ፣ የምትማሩበት ትምህርት ቤት የሚላችሁን ብቻ አትመኑ፤ የክፍለ ግዛቱ የሪል እስቴት መሥሪያ ቤት ያወጣውን መመሪያ ራሳችሁ አንብቡ፣ ኮርሱም ከ2024ቱ ለውጥ በኋላ የተዘጋጀ መሆኑን አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ ሦስቱን ኮርሶች በርቀት የሚወስድ ሰው ለእያንዳንዱ ቢያንስ 18 ቀን ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ከ54 ቀን በፊት አይጨርስም። «በሁለት ሳምንት» የሚላችሁን ሽሹ። ሦስተኛ፣ በ2024 ክፍያው ጨምሯል፤ የፈተናው 100 ዶላር፣ የፈቃዱ 350 ዶላር ነው። አራተኛ፣ ካለፋችሁ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ለፈቃዱ ካላመለከታችሁ ፈተናው ይቃጠላል። አሻራም ትሰጣላችሁ። ስታጠኑ ደግሞ ጊዜያችሁን በክብደቱ ልክ አካፍሉ፤ ከፈተናው 25 በመቶው ስለ ሥራው አሠራርና ለገዢ መገለጽ ስላለባቸው ነገሮች ነው፤ 17 በመቶው ስለ ውክልና ሕግ ነው። ብዙዎቻችን የምንፈራው የብድሩ ክፍል 9 በመቶ ብቻ ነው።

በሌላ ክፍለ ግዛት ያላችሁ የራሳችሁን ጠይቁ። ቴክሳስ 180 ሰዓት ይጠይቃል፤ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ 60 ሰዓት።

ቤት ለምትገዙ ደግሞ አንድ ነገር፦ ከኦገስት 17 ቀን 2024 ወዲህ አብዛኛው ወኪል ቤት ከማሳየቱ በፊት የጽሑፍ ውል ያስፈርማችኋል። ክፍያው ስንት እንደሆነ ሳታነቡ አትፈርሙ። በካሊፎርኒያ ከ2025 ጀምሮ እንዲህ ያለው ውል ለግለሰብ ገዢ ከሦስት ወር መብለጥ አይችልም። ልጆች ስላሏችሁ አናከራይም የሚላችሁ ካለም፣ ለአረጋውያን ብቻ ተብሎ በሕግ የተለየ ቤት ካልሆነ በቀር ሕግ ጥሷል።

አሁን በአንድ ብሮከር ሥር እሠራለሁ፤ አዲስ ፈቃድ ያገኘ ሰው ብቻውን መሥራት አይችልም። የሌሊት ፈረቃውንም ገና አልተውኩትም፤ በሳምንት ወደ ሁለት ቀን አወረድኩት እንጂ።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ከሳክራሜንቶ ደወለችልኝ። «እህቴ፣ የኛ ሰው ያለበት ሰፈር ፈልጊልኝ» አለች። ጉሮሮዬ ድረስ የመጣውን የሰፈር ስም ዋጥኩት። «የምትሄጂበትን ቤተ ክርስቲያንና የባለቤትሽን የሥራ ቦታ ንገሪኝ፤ ከዚያ በዚህን ያህል ማይል ውስጥ በበጀትሽ ያለውን ሁሉ አሳይሻለሁ፤ ሰፈሩን አንቺ ዞረሽ ምረጪ» አልኳት። ትንሽ ቅር አላት። በኋላ ግን በቅዳሜና እሑድ እየዞርን አሥራ አንድ ቤት አየን።

ስልኩን ስዘጋ አማቴ ከሶፋው ላይ ሆነው ያዳምጡ ነበር። «ምነው ብትነግሪያት? ምን አለበት?» አሉ። የስቲሪንጉን ነገር እንደገና አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ትንሽ አሰቡና፦

«እሺ፣ እኔስ ደውዬ ብነግራት? እኔ ፈቃድ የለኝ!»