የልጆቻችን ትምህርትና የሕግ አውጪዎች ዕዳ

ወላጅ ለልጁ ከሚያወርሰው ሀብት ሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ነው። ርስት ይሸጣል፤ ወርቅ ይሰረቃል፤ ዕውቀት ግን ከባለቤቱ አይለይም። ነገር ግን ይህን ሀብት እያንዳንዱ ወላጅ በየቤቱ ብቻውን ሊያዘጋጀው አይቻለውም። ስለዚህ የትምህርት ቤት ገንዘብ ከወዴት ይምጣ፤ በምንስ ላይ ይዋል የሚለው ነገር የቤተ ሰብም የሕግ አውጪዎችም ጉዳይ ነው።

ለዚህ ነገር የእንጦጦና የግርጌው ታሪክ ምስክር ይሆነናል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ በጫኑበት ዘመን የደብር መምህር መተዳደሪያው የቤተ ክርስቲያን መሬት፣ የተማሪውም ቀለብ ከየደጁ የሚለምነው ቁራሽ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1900 ዓ.ም. ከግብጽ በመጡ መምህራን ዘመናዊ ትምህርት ቤት አቆሙ። ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ በኩል በራሳቸው ገንዘብ ያሠሩትን ትምህርት ቤት መርቀው ከፈቱ፤ መኳንንቱም እንዲሁ እንዲያደርጉ አሳሰቡ። ይህም ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ እንጦጦ ተባለ።

ይህ ሁሉ ቸርነት የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በአንድ ሰው ኪስ የቆመ ትምህርት ቤት ለጥቂቶች እንጂ ለሕዝብ ሁሉ አይበቃም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፤ በ1940 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 94 በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ፤ ገንዘቡንም የሚቈጣጠር ቦርድ በየጠቅላይ ግዛቱ ተቋቋመ። የዚህ ሕግ መልካምነቱ ገንዘቡ ስሙ የታወቀ፣ ጠባቂውም ቅርብ መሆኑ ነበር። ጉድለቱ ግን ከመሬት የሚሰበሰብ በመሆኑ ለም አገር ብዙ፣ ደኃ አገር ጥቂት ማግኘቱ ነው።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዝዛል። ሆኖም ከሚመደበው ገንዘብ የሚበዛው ለደመወዝ ስለሚውል ለመጽሐፍ፣ ለወንበርና ለቤተ ሙከራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ፍሬውንም አይተነዋል፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ይህ የልጆቹ ስንፍና ብቻ ነው ብሎ መናገር ለኅሊና አይመችም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያሳደግናቸው እኛ ነንና።

መልካም ጅምርም አለ። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በተማሪ ቍጥር ተሰልቶ በቀጥታ ለትምህርት ቤት የሚደርስ ድጎማ ተጀምሯል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምግብ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ ለተማሪዎች መስጠት ጀመረ። ከእንጦጦ ደን ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ እናት ልጇ ጠግቦ እንደሚማር ካወቀች ሸክሟ ግማሹ ቀለላት ማለት ነው።

እንግዲህ ከሕግ አውጪዎች የምንጠብቀው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ከደመወዝ ሌላ ለመጽሐፍና ለማስተማሪያ ዕቃ የሚሆነው ገንዘብ ለብቻው ተለይቶ ይወሰን፤ ለሌላ ጉዳይም አይዛወር። ሁለተኛ፣ ድልድሉ የተማሪውን ቍጥር ብቻ ሳይሆን የአገሩን ድኅነትና ርቀትም ይመልከት፤ የ1940ው ጉድለት አይደገም። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የተቀበለውንና ያወጣውን ገንዘብ ጽፎ ወላጆች በሚያዩት ቦታ ይለጥፍ፤ ወላጅ የማያውቀውን ሒሳብ ሊጠይቅ አይችልምና።

በእንጦጦ ራስ ላይ በ2013 ዓ.ም. ያማረ መናፈሻ ተከፍቶ ብዙ ቤተ ሰብ ከነልጆቹ አየር ይቀበልበታል። ተራራውን ለማስጌጥ የተገኘው ትጋት ከተራራው ግርጌ ላሉት መማሪያ ክፍሎችም እንዲገኝ ማድረግ በሹማምንቱና በእንደራሴዎቹ እጅ ነው። የወላጅም ድርሻ ልጁን በሰዓቱ መላክ፣ ማታ ደብተሩን መመልከትና በስብሰባ ቀን አለመቅረት ነው። ሕግ ገንዘቡን ይሰጣል፤ ገንዘቡን ወደ ዕውቀት የሚለውጠው ግን የመምህርና የወላጅ ትጋት ነው።