የእግር ጣት ለምን ደጋግሞ ራጅ ይነሳል?

በመተማ ቆላ የእግር ጣት ብዙ መከራ ያያል። ከብት ይረግጠዋል፤ ድንጋይ ይወድቅበታል፤ እሾህ ይገባበታል። ሲያብጥ አጥንቱ መሰበሩ በዓይን አይለይም። «ከተንቀሳቀሰ አልተሰበረም» ይባላል። ልክ አይደለም፤ የተሰበረ ጣትም ይንቀሳቀሳል።

ራጅ የማይታይ ጨረር ነው። ሥጋን አልፎ ይሄዳል፤ አጥንት ግን ብዙውን ያስቀረዋል። ስለዚህ አጥንቱ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጨረሩን ያገኘው ጀርመናዊው ሮንትገን ነው፤ በ1888 ዓ.ም፣ በዓድዋ ጦርነት ዓመት። በ1890 ዓ.ም ደግሞ ድንበሩን ተሻግሮ በሱዳን፣ በዓባይ ዳር፣ አንድ የእንግሊዝ ሐኪም በኦምዱርማን ጦርነት ከቆሰሉ ወታደሮች ገላ ውስጥ ጥይት ፈልጎበታል። በዚያ በረሃ ኤሌክትሪክ ከየት አመጣ? ሰዎች ብስክሌት እየረገጡ ነዋ!

ታዲያ ጣት አንዴ ብቻ አይነሳም። ከላይ፣ በሰያፍ፣ ከጎንም ይነሳል። ከላይ ሲያዩት ደህና የመሰለው አጥንት፣ ከጎን ሲያዩት ተሰንጥቆ ሊገኝ ይችላል። ከጎን ሲነሳ ሌሎቹ ጣቶች እንዳይጋርዱት በጨርቅ ተስበው ይያዛሉ። ያማል፤ ግን ቶሎ ያልቃል። ነፍሰ ጡር ሴት አስቀድማ ትናገር።

በሥጋ ውስጥ የቀረ ብረት በራጅ ይታያል። እሾህ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ስለዚህ እሾህ የወጋው ሰው ለሐኪሙ በአፉ ይንገር።