የቮልስ ሞተር ሲቀየር ካምቢዮው የሚጠይቀው

(ለሕዝብ ክፍት ከሆነው የፋኩልቲው ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጡረተኛ መምህር እ.ኤ.አ. የ1964 ሞዴል ቮልሳቸውን አስገፍተው ወደ ወርክሾፓችን አመጡ። የራሷ ባለ 1200 ሞተር አርጅቶ ስለ ነበር፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ቮልስ የወረደ ባለ 1600 ሞተር ገዝተው በአንድ ጋራዥ አስገጥመዋል። «ቮልስ ለቮልስ ይገጥማል» ተብለው ነበር፤ እውነትም ገጥሟል። ይሁን እንጂ ቁልፉ በዞረ ቁጥር ብረት ብረትን ሲፍቅ ይሰማ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ፍሪሲዮኑ ጨርሶ እምቢ አለ። ሞተሩን ስናወርደው የካምቢዮው ቤት ከውስጥ በኩል ተፍቆ፣ የሞተሪኖው ጥርሶች ተበልተው፣ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ተሰባብሮ አገኘነው። መምህሩ ያጠራቀሙትን ገንዘብ በሞተሩ ላይ ጨርሰዋል፤ አሁን ደግሞ ካምቢዮ ሊጠፋባቸው ነው።

የስሕተቱ ምንጭ መመሳሰሉ ነው። ፎልክስዋገን በአየር የሚቀዘቅዘውን የቮልስ ሞተር ከካምቢዮ ጋር የሚያጋጥመው በአራት ማሰሪያ ነጥቦች ሲሆን፣ የነጥቦቹን አቀማመጥ ለረጅም ዘመን አልለወጠም። ስለዚህ የኋለኛው ሞተር በቀደመው ካምቢዮ ላይ ያለ ተቃውሞ ይቀመጣል። የተለወጠው በሁለቱ መካከል ተሸሽጎ ያለው ክፍል ነው።

በመጀመሪያ ፍላይዊሉን፣ ማለትም በክራንክሻፍቱ ጫፍ የሚታሰረውን ከባድ ክብ ብረት እንመልከት። የባለ 6 ቮልቱ ፍላይዊል በዙሪያው 109 ጥርስ ሲኖረው፣ የሚሸከመው ፍሪሲዮን 180 ሚሊ ሜትር ነው። የባለ 12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው፤ በትልልቆቹ ሞተሮች ላይ ፍሪሲዮኑም 200 ሚሊ ሜትር ሆኗል። ይህ ፍላይዊል በአሮጌው ካምቢዮ ቤት ውስጥ በነፃነት አይዞርም፤ ቤቱ ከውስጥ በጥንቃቄ መሞረድ አለበት። በመምህሩ መኪና ላይ ሥራው ተጀምሮ በግማሽ ቀርቷል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል፤ የካምቢዮው ቤት የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። ብናኙ በእሳት ይያያዛል፣ ውኃ ቢደፉበትም ይብስበታል። ስለዚህ ብናኙ እንዳይከማች እየጠረጉ፣ የብየዳ ሥራ በሌለበት ቦታ ይሞረድ። ወደ ማርሾቹ የሚያስገባው ቀዳዳም አስቀድሞ ይደፈን።

ሞተሪኖውም ከፍላይዊሉ ጋር መሄድ ይኖርበታል። 109 ጥርስ እንዲነክስ የተሠራው፣ 130ውን በትክክል አይነክስም። የ12 ቮልቱ ሞተሪኖ ዘንግ ደግሞ ከቀደመው ስለሚቀጥን (11 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የፊተኛው 12.5 ነበር) በካምቢዮው ቤት ላይ ያለው ቡሺንግ ወፍራም ግድግዳ ባለው መተካት አለበት። ቡሺንጉ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ሲዘነጋ ግን ዘንጉ ይዋልላል፣ ጥርስ ይበላል።

ፍሪሲዮኑን የሰበረው ሌላ ነገር ነው። እስከ 1970 ሞዴል ድረስ ኩሽኔታው ያለ መሪ ቱቦ በሹካው ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይሠራ ስለ ነበር፣ የሚጫነው በፍሪሲዮኑ ክዳን መካከል በተቀመጠ ቀለበት ላይ ነው። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ኩሽኔታው በቱቦ ላይ እንዲንሸራተት ተደረገ፤ ቀለበቱም ቀረ። በመምህሩ መኪና ላይ አሮጌው ኩሽኔታ ቀለበት ከሌለው ክዳን ጋር ተጋጥሞ ነበር። መሪ የሌለው ኩሽኔታ በክዳኑ ጣቶች ላይ ወዲያና ወዲህ ሲዋልል ኖሮ ተሰበረ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባለ 200 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቀለበት ያለው ክዳን መፈለግ። ፍላይዊል በተለወጠ ቁጥርም የክራንክሻፍቱ የፊትና ኋላ እንቅስቃሴ በሦስቱ ስስ ቀለበቶች እንደገና ይስተካከል፤ ልኩ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው።

አሁን ብዙ ክርክር ወደሚነሣበት ጉዳይ ልለፍ። ሞተሩ ከተለወጠ የዲፈረንሻሉ ጥምርታም ይለወጥ? የ1200 ካምቢዮ 35 ለ8፣ ማለትም 4.375 ነው። ለ1500ና ለ1600 ሞተሮች 33 ለ8 (4.125) መጣ፤ ኋላም 31 ለ8 (3.875) ተጨመረ። አራተኛው ማርሽ 0.89፣ የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ነው እንበል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስንነዳ ሞተሩ በመጀመሪያው በደቂቃ 3,245 ጊዜ፣ በሁለተኛው 3,059፣ በሦስተኛው 2,874 ጊዜ ይዞራል። «ሞተሩ ከጎለበተ ረጅሙ ጥምርታ ይገባዋል» የሚለው ምክር ከዚህ የመነጨ ነው፤ ለጀርመን ሜዳማ አውራ ጎዳናም ትክክል ነው።

አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ አይሞላም። ባለ 1600ው በፋብሪካው መዝገብ 50 የፈረስ ጉልበት ቢኖረው፣ እዚህ የሚቀርለት 39 ገደማ ነው። የመጠምዘዣ ኃይሉም ከ106 ኒውተን ሜትር ወደ 83 ገደማ ይወርዳል። ባለ 1200ው በባሕር ወለል ላይ 34 የፈረስ ጉልበትና 82 ኒውተን ሜትር ነበረው። በሌላ አነጋገር፣ እንጦጦ ሥር የቆመው 1600 ፋብሪካው አሮጌውን ካምቢዮ ላሰላለት ሞተር በጣም የቀረበ ነው። በእኔ ግምት በከተማችን ዳገት ለሚውል ሰው 4.375ቱን መለወጥ ወጪ ጨምሮ መኪናን ማድከም ነው። ይህ ስሌት ግን 180 ሚሊ ሜትሩ ፍሪሲዮንም ይበቃል ማለት አይደለም፤ መኪናው ወደ መተሐራ ሲወርድ ሞተሩ የተቀነሰበትን ጉልበት አብዛኛውን ያስመልሳል።

የቁልቁለቱም ነገር አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ የ1964ቷ ቮልስ የያዘችው አራት የከበሮ ፍሬን ብቻ ነው። አጭሩ ጥምርታ ሞተሩን በፍጥነት ስለሚያዞረው በማርሽ መያዙ ይበረታል፤ ፍሬኑም ቶሎ አይግልም። ረጅሙን የሚያስገጥም ሰው ይህን እርዳታ በከፊል ይተዋል።

በእጃችሁ ያለው ካምቢዮ የትኛው እንደ ሆነ ሳትፈቱ ማወቅ ትችላላችሁ። ቁልፉ ይጥፋ፣ ካንዴላዎቹ ይውለቁ፣ አራተኛ ማርሽ ይግባ። አንዱን የኋላ ጎማ አንሥታችሁ፣ ሌሎቹን መሬት ላይ በታኮ አጽንታችሁ፣ የተነሣውን ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩትና የሞተሩን ፑሊ ዙር ቁጠሩ። 3.9 ገደማ ከመጣ አጭሩ ነው፤ 3.45 ገደማ ከሆነ ረጅሙ።

የመምህሩ መኪና ማርሾች ደኅና ነበሩ። ቤቱን ሞርደን ጨረስን፤ ሞተሪኖውን፣ ቡሺንጉን፣ የፍሪሲዮኑን ክዳንና ኩሽኔታ ለወጥን፤ ዲፈረንሻሉን አልነካነውም። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።