የቡና ቅጠልና የቀትር ፀሐይ

ከናይሮቢ ወደ ኪያምቡና ወደ ሩይሩ የሚጓዝ ኢትዮጵያዊ የቡናውን እርሻ ሲመለከት ሳይደነቅ አይቀርም። በከፋና በጅማ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ሲበቅል፥ በዚያ ግን አብዛኛው ያለ ጥላ በረድፍ ተተክሎ ይታያል። ቡና ጥላ ያስፈልገዋልን? መልሱ ያለው በቅጠሉ ውስጥ ነው።

አረንጓዴ ቅጠል ምግቡን ከውሃ፥ ከተቃጠለ አየርና ከብርሃን ያዘጋጃል። ሥራውን የሚጀምረው ፎቶሲስተም ሁለት የተባለው፥ ከሃያ የማያንሱ ፕሮቲኖች ተጋጥመው ያቆሙት እጅግ ረቂቅ መሣሪያ ነው። ክሎሮፊል ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ መካከል ያስተላልፋል፤ መካከለኛውም ክፍል በዚህ ኃይል ኤሌክትሮን አውጥቶ ይሰጣል፤ የጐደለውን ከውሃ ይተካል። ውሃውን የሚሰነጥቀው አራት የማንጋኒዝና አንድ የካልሲየም አተሞች በኦክሲጅን የተያያዙበት እምብርት ነው፤ የምንተነፍሰው ኦክሲጅንም የሚወጣው ከዚሁ ነው። የጃፓን ሊቃውንት በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. የእነዚህን አተሞች ስፍራ ለይተው አሳይተዋል። የመረመሩት በፍል ውሃ የሚኖር ረቂቅ ፍጥረት ቢሆንም፥ የቡናው እምብርት በዋናው ነገር ያው ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው በሚሠራበት ብርሃን ራሱ ይጐዳል። ዲ-1 የተባለው የመካከሉ ፕሮቲን ዘወትር ይበላሻል፤ ቅጠሉም የተበላሸውን አውጥቶ አዲስ ይተካል። ጥገናው ከጉዳቱ ሲዘገይ የቅጠሉ ሥራ ይቀንሳል። ቡና በተፈጥሮው የደን ተክል ስለ ሆነ፥ ቅጠሉ ሊጠቀምበት የሚችለው ከሙሉ የቀትር ብርሃን ሲሦውን ወይም ከዚያ ያነሰውን ነው፤ የቀረው ሸክም ነው።

ታዲያ የኪያምቡ ቡና እንዴት ይኖራል? ፕሮቲን ያለ ናይትሮጅን አይሠራም፤ ናይትሮጅን በሚገባ የሚያገኝ ቡናም ኀይለኛ ብርሃንን ይበልጥ ይቋቋማል። ስለዚህ ጥላ የሌለው ቡና ማዳበሪያ ይጠይቃል፤ በአጸፋውም ብዙ ያብባል፤ ብዙ ያፈራል። ጥላ ከመጠን ሲያልፍ ፍሬ ስለሚቀንስ፥ የኬንያው ገበሬ ተሳስቷል ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ማዳበሪያ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ይህን አይቶ ዋንዛውንና ሰሳውን ቢቈርጥ፥ ለአንድ ወቅት ፍሬው በዝቶ ደስ ሊለው ይችላል፤ በኋላ ግን ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ቅርንጫፉም ከጫፉ እየደረቀ ይሄዳል።

ጥላ መቀነስ ግድ የሆነበት ገበሬ ዝናም ሲጀምር ጥቂት ጥቂት እያለ ቅርንጫፍ ይመልምል። በጥላ ያደገ ቅጠል በድንገት ለፀሐይ ሲጋለጥ ይቃጠላልና፤ አዲስ የሚያቈጠቍጠው ግን ከብርሃኑ ጋር ተላምዶ ያድጋል። በችግኝ መደብ ላይ ያለውም ዳስ እንዲሁ ከመትከያው ጊዜ አስቀድሞ ቀስ በቀስ ይነሣ።