የባሌ ጦጣና ድንቢጥ

የባሌ ጦጣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም። መኖሪያዋ በባሌና በሲዳማ አካባቢ ያሉ ደጋማ የቀርከሃ ደኖች ናቸው። በባሌ በሚገኘው በኦዶቡሉ ደን በተደረገ ጥናት ከምግቧ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ለጋ የቀርከሃ ቅጠል ሆኖ ተገኝቷል። ጦጣ በአብዛኛው ያገኘውን የሚበላ እንስሳ በመሆኑ ይህ በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። ቀርከሃው ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን ግን ችግር ይከተላል፤ በተቆራረጡ ደኖች የቀሩት መንጋዎች ወደ ሰብል ይወርዳሉ፣ ከገበሬ ጋር ይጋጫሉ፣ ከሌሎች የጦጣ ዝርያዎችም ጋር ይዳቀላሉ።

የባሌ ጦጣ በቀርከሃ ደን ላይ ስትመካ፣ ድንቢጥ ግን ሰው ካለበት አትርቅም። የተበተነ እህልና ፍርፋሪ ትለቅማለች፣ ለጫጩቶቿ ነፍሳትን ታድናለች፣ ጎጆዋን በጣሪያ ሥር ወይም በግድግዳ ስንጥቅ ትሠራለች። በአንድ ጊዜ በርከት ያሉ እንቁላሎችን ትጥላለች፤ ጦጣዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ነው፤ የሞተባትን ለመተካትም ረጅም ጊዜ ይፈጅባታል።

በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ የባሌ ጦጣ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑት ጋር ተመድባለች። የቀሩት የቀርከሃ ደኖች ከምንጣሮ ሊጠበቁ ይገባል።