ሶልደር ሙጫ አይደለም

የፒንቦል ማሽኔ የግራ ፍሊፐር ድንገት ዝም አለ። ኳሷ ተንከባላ መጣችና ማንም ሳይመታት ቁልቁል ወረደች። መስተዋቱን አውጥቼ የመጫወቻውን ሰሌዳ ቀና አድርጌ ከሥሩ በባትሪ ሳይ፣ ከኮይሉ ጆሮ ላይ አንድ ሽቦ ተነቅሏል። ፒንቦሌ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቺካጎ ውስጥ የተሠራች ናት፤ ፍሊፐሩ ኳስ በመታ ቁጥር ኮይሉ ይንቀጠቀጣል። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ስትደበደብ ለኖረች ማሽን አንድ ሽቦ መነቀሉ አይገርምም።

“ሶልደር ጠብ አድርጊበት፣ ይይዛል” ያለኝ ሰው ነበር። በካውያው ጫፍ ሶልደር አቅልጬ ወስጄ እንደ ጧፍ ሰም አንጠባጠብኩበት። ሦስት ጨዋታ ቆየ፣ ከዚያ ተነቀለ።

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው እምነት ይህ ነው፤ ሶልደርን እንደ ሙጫ ማየት። እውነቱ ሌላ ነው። ሶልደር ሲቀልጥ በውስጡ ያለው ቲን ከመዳቡ ጋር ተዋህዶ በመካከላቸው በጣም ስስ የሆነ አዲስ ውህድ ይፈጠራል፤ የሚይዘው እሱ ነው። ውህዱ እንዲፈጠር መዳቡ ራሱ መጋልና መጽዳት አለበት። የማጽዳቱን ሥራ የሚሠራው በሶልደሩ ሽቦ እምብርት ያለው ፍሉክስ ነው። ሶልደሩን አስቀድመን ካውያው ላይ ካቀለጥነው ግን ፍሉክሱ ቦታው ሳይደርስ ጨሶ ያልቃል።

ይህን ያሳዩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ አገር ቤት ሳሉ ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው። “ልጄ፣ ብረቱን አሙቂው፤ ሶልደሩ ራሱ መንገዱን ያገኛል” አሉኝ። አሮጌውን ሶልደር አነሱ፣ ሽቦውን በኮይሉ ጆሮ ቀዳዳ አሳልፈው አጠፉት። የካውያውን ጫፍ ጆሮውንም ሽቦውንም በአንድ ጊዜ እንዲነካ አስደገፉ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠበቁ፣ ከዚያ ሶልደሩን በተቃራኒው በኩል አስነኩት። ዘይት በጋለ ምጣድ ላይ እንደሚሄደው ተዘርግቶ በሽቦው ክሮች መካከል ሰረገ። እስኪጠና አላነቃነቁትም፣ እፍም አላሉበትም። የተበጠሰው የኮይሉ የራሱ ቀጭን ሽቦ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ቫርኒሹን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ያስፈልግ ነበር፤ ቫርኒሽ ላይ ሶልደር አይዝም።

“ካውያው ደካማ ይሁን፣ ሙቀት ቦርድ ያበላሻል” ይባላል። እኔም ፈርቼ በጣም ትንሹን ነበር የገዛሁት። ቦርድ የሚጎዳው ግን ብዙውን ጊዜ ደካማ ካውያ ነው። ሶልደሩ አልቀልጥ ሲል እጃችንን ሳናነሳ እንቆያለን፤ ሙቀቱ ቀስ እያለ ዙሪያውን ይደርስና የመዳቡን መስመር ከቦርዱ ያስለቅቃል። 63 በመቶ ቲን፣ 37 በመቶ እርሳስ የሆነው ሶልደር በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ሙቀቱ የሚስተካከል ካውያ 350 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲሆን ለቦርድ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃዋል። ወፍራሙ የኮይል ጆሮ ብዙ ሙቀት ስለሚስብ ሰፋ ያለ ጫፍ ይፈልጋል።

ጭሱን ብዙ ሰው የእርሳስ ትነት ይለዋል። እርሳስ የሚፈላው ከ1,700 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ካውያ አያተነውም። ጭሱ የፍሉክሱ ነው፤ አስም ሊያመጣ ስለሚችል መስኮት ይከፈት። እርሳሱ ወደ ሰውነት የሚገባው በእጅ አድርጎ በአፍ ነው። እኛ በእጃችን የምንጎርስ ሰዎች ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ልናስብበት ይገባል። ምግብ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አይሠራ፣ ልጆች ሶልደሩን አይንኩ፣ ከሥራ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። የቧንቧ ሠራተኞች ፍሉክስም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ አሲዱ ውሎ አድሮ ሽቦውን ይበላዋል።

“ትንሽ ቦታ ናት፣ ማሽኑን ማጥፋት አያስፈልግም” የሚሉም አሉ። የእኔዋን በመሰሉ ማሽኖች የኮይሉ መስመር 50 ቮልት ይባል እንጂ በቴስተር ሲለካ 70 ገደማ ይደርሳል። የካውያው ጫፍ አዳልጦት ይህን መስመር ከስዊች ሽቦ ጋር ቢያገናኝ ቦርዱ ላይ ያሉ ቺፖች በቅጽበት ይቃጠላሉ። ስለዚህ ሶኬቱ ይነቀል፣ ካፓሲተሮቹ እስኪራገፉም ይጠበቅ። ኮይሉ ላይ ዳዮድ ካለ ቀለበት ያለው ጫፉ ኃይል በሚመጣበት በኩል ይሁን፤ ከተገለበጠ ፊውዝ ወይም ትራንዚስተር ይዞ ይሄዳል። በተቃጠለ ፊውዝ ምትክ ከፍ ያለ አምፒር መክተት ደግሞ እሳት መጋበዝ ነው።

የመጨረሻው እምነት “መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ቺፕ ተበላሽቷል” የሚለው ነው። ቺፕ ከማዘዝ በፊት ቦርዱን ገልብጦ ኮኔክተር የሚሰካባቸውን ፒኖች በአጉሊ መነጽር ማየት ይሻላል። በብዙ አሮጌ ማሽኖች በፒኑ ዙሪያ ፀጉር የምታህል ቀለበት ትታያለች፤ ሶልደሩ በንዝረትና በሙቀት የተሰነጠቀበት ናት። የድሮውን ሶልደር አንስቶ በአዲስ መተካት ያድነዋል። የኮኔክተሩ ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ ካረረ ግን ሶልደር ብቻውን አይበቃም፤ ፒኖቹም ኮኔክተሩም አብረው ይቀየሩ፤ አንደኛው ብቻ ከተቀየረ ያረረው አዲሱንም መልሶ ያሳርረዋል።