ከልጓሙ ወዲያ ያለው ክፍተት

ፈረስ ገዢ ከንፈሩን ገለጥ ያደርግና የፊት ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ይገምታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አፍ የሚያይ የለም። ንጉሥ ሚካኤል በፈረስ ስማቸው «አባ ሻንቆ» ይባሉባት በነበረችው ደሴም ሆነ ጋሪ ሰውና ዕቃ በሚያመላልስባት ኮምቦልቻ፣ ፈረስ ሲከሳ ቶሎ የሚታማው የሆድ ትል ወይም የመኖ ማነስ ነው። ሐሜቱ ልክ ሊሆን ይችላል። ድዱ ግን ሳይታይ መታለፍ የለበትም፤ ታይቶም «ባክቴሪያ ነው» ብሎ ማቆም አይበቃም።

ልጓም የሚያርፍበት ጥርስ አልባ ቦታ የተፈጥሮ ነው፤ ማንንም አያሳስብ። ከእሱ ወደ ኋላ ግን 24 መንጋጋዎች፣ በየጎኑ ከላይ 6 ከታች 6 ሆነው፣ እንደ አንድ ወፍጮ ተጠጋግተው ይቆማሉ። በማላመጥ የተበላውን ለመተካትም በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቅ ይላሉ። ችግሩ የሚጀምረው በሁለት መንጋጋዎች መሃል ክፍተት ሲፈጠር ነው። ገለባ ይሰነቀራል፤ ተከታዩ ማላመጥ ይጠቀጥቀዋል፤ እዚያው ይበሰብሳል። ድዱ ቆስሎ ይሸሻል፣ በተፈጠረው ጉድጓድ አየር የማይሹ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፣ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር ያያዘው ጅማትም ይላላል። ትሪፖኔማ፣ ፕሬቮቴላና ታኔሬላ የተባሉት ወገኖች በታመመ ድድ ውስጥ በርክተው ተገኝተዋል።

ታዲያ ባክቴሪያ ከሆነ መርፌ አይበቃውም? ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ አለ፣ ናሙና ይላክ የሚልም ይኖራል። ነገር ግን የጤነኛ ፈረስ አፍም በባክቴሪያ የተሞላ ነው፤ ስማቸውን ማወቅ የተወተፈውን ገለባ አያወጣም። መድኃኒቱ ለጊዜው ቢያበርደው እንኳ የነገው ድርቆሽ እዚያው ይሰነቀራል። አፉ ተከፍቶ በመብራት መታየት፣ ክፍተቱ መጠረግና መታጠብ፣ የሾለው የመንጋጋ ጠርዝም በሞረድ መስተካከል አለበት። ሥራው የሐኪም ነው፤ በጣም ስለሚያም ማስታገሻ ይፈልጋል። «ያረጀ ፈረስ ነው፣ ምን ይደረግ» የሚለው ክርክር ግማሽ እውነት አለው፦ መንጋጋ ወደ ሥሩ እየቀጠነ ስለሚሄድ በእርጅና ክፍተቱ ይሰፋል። ሆኖም ጥርሱ ተጣሞ የበቀለ ወጣት ፈረስም ይታመማል። ኮልየር የተባለ እንግሊዛዊ የጥርስ ሐኪም በ1906 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ከመረመራቸው የፈረስ ራስ ቅሎች አንድ ሦስተኛ በሚሆኑት ላይ ይህንኑ በሽታ አግኝቷል። ይህን ያህል የተዛመተን ነገር ዕድሜ ብቻ ነው ማለት ይከብዳል።

ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ የባለጋሪው ነው፦ ፈረሱ አንድ ቀን ከቆመ የዕለት ገቢው ይቀራል። እውነት ነው። ግን ማየት ገንዘብ አያስወጣም። ልጓም ሲወልቅ የሚከረፋ አፍ፣ ፋንድያው ውስጥ ሳይደቅ የወጣ ረጅም ገለባ፣ ሲያላምጥ አንገቱን ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ፈረስ፣ ሁሉም ምልክት ናቸው። ሐኪም እስኪያገኝም ከረጅም ደረቅ ገለባ ይልቅ እርጥብ ሣርና በውኃ የራሰ ፉርሽካ ይቀለዋል። ከሁሉ ግልጹ ምልክት ጋሪው በቆመበት ጥላ ሥር ነው የሚገኘው፦ ግማሹን አላምጦ የተፋው፣ እንደ ጉርሻ የተጠቀለለ፣ በምራቅ የራሰ ድርቆሽ።